ፋሲካን በሰው አገር ከጓደኞች ጋር ማክበር

አገር ቤት ፋሲካ ሲመጣ «አዘጋጅ» የሚባል ሰው የለም። እናት ሽንኩርቱን ትይዛለች፣ ጎረቤት ጠላውን ጠምቃለች፣ አባት ቅርጫ ገብቷል፣ ትልቁ ልጅ ዶሮ ተራ ተልኳል፣ ትንሿ ቄጤማውን ትጎዘጉዛለች። ሁሉም የየራሱን ሲሠራ በዓሉ በዓል ይሆናል። ሰው አገር ላይ የሚጎድለው ይህ ነው። በርበሬው ዛሬ በዋሽንግተንም በዱባይም ይገኛል፤ ሥራውን የሚካፈል ሰው ግን በገንዘብ አይገዛም። ብዙ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን አራት ኪሎ ሽንኩርት ፊት ይቆምና፣ በሚቀጥለው ዓመት ምግብ ቤት ሄዶ ይፈስካል፣ ወይም በዓሉን ጭራሽ ይተወዋል። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስትከተሉ ከድስቱ በፊት ሰዎቹን አስቡ።

ቀኑን መያዝ

በባሕረ ሐሳብ የሚወጣው ፋሲካችን ከምዕራባውያኑ ጋር አንዳንድ ዓመት ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት እስከ አምስት ሳምንት ይርቃል። በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ይውላል፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 12 ቀን 2026 መሆኑ ነው። የእነርሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ያልፋል። በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ 24፣ ማለትም ሜይ 2 ቀን 2027 ሲሆን የእነርሱ ማርች 28 አልፏል። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱም ሚያዝያ 8 ቀን ይገጥማሉ።

ይህን ማወቅ የሚጠቅማችሁ ለሥራ ፈቃድ ነው። ቀኑ ካልገጠመ ስቅለትም የፋሲካ ማግስት ሰኞም በአብዛኛው ተራ የሥራ ቀን ናቸው። በዓሉ እሑድ ስለሆነ ፈቃድ የማያስፈልግ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያደረ፣ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ያስተናገደ ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት ይከብደዋል። አንድ ቀን ብቻ የሚፈቀድላችሁ ከሆነ ሰኞን ውሰዱ። ሁለት ካገኛችሁ ስቅለትን ጨምሩ፤ ስግደቱን በምሳ ዕረፍት የሚያደርሰው የለም። ጥያቄውን ሁዳዴ ሲገባ አቅርቡ፣ 55 ቀን አላችሁ።

ሰውና ሥራ ማከፋፈል

ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቤቱ የማን እንደሚሆን ተነጋገሩ። በአንድ ተራ አፓርታማ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰው ተመችቶት ይፈስካል፤ ከዚያ በላይ ከሆናችሁ የጋራ አዳራሽ ያለው ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ጓደኛ ፈልጉ። ከዚያ በኋላ ሥራውን በስም አከፋፍሉ፣ በዋትስአፕም ሆነ በቴሌግራም ሁሉም የሚያየው ቦታ ጻፉት። መጻፉ የግድ ነው። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ስላለ ሁሉም «እኔ አመጣለሁ፣ አታስቡ» ይላል፤ ሌሊት ሲሰበሰብ ግን አራት ሰው ኬክ ይዞ ይመጣል፣ እንጀራ ያመጣ የለም።

እኔ የምመክረው አከፋፈል ይህ ነው። አንዱ መዋጮ ይሰብስብ፣ ያወጣውንም በዝርዝር ያሳውቅ። አንዱ እንጀራና ድፎ ዳቦ ይያዝ። ዶሮውን ሁለት ሰው ይሥራ። አንዱ መጠጡን፣ አንዱ ቡናውን፣ አንዱ ደግሞ የሌሊቱን መኪና ይያዝ። ቤቱን የሰጠ ሰው ዶሮ እንዳይሠራ። ቤት ማጽዳት፣ ወንበር መለመን፣ ጎረቤት ማነጋገርና በመጨረሻ ሳህን ማጠብ በራሱ ሙሉ ሥራ ነው።

ስለ መዋጮው አንድ ነገር ላሳስብ። በመካከላችሁ በቅርብ የመጣ፣ ወረቀቱን የሚጠብቅ ወይም ተማሪ ካለ ገንዘብ አትጠይቁት፤ ሥራ ስጡት እንጂ። «አንተ እንግዳ ነህ፣ ተቀመጥ» ማለት ደግነት ቢመስልም ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው በበዓል ቀን ብቸኝነቱ ይብስበታል። ቡናው የእሱ ይሁን፣ ወይም ሽንኩርቱ። እንግዶች ስትቆጥሩም መጀመሪያ ሌላ ቤት የሚጠራው እንደሌለ የምታውቁትን ሰው አስቡ፤ ዘመድ ያለው የትም አይቀርም።

ሙስሊም ጓደኞቻችሁን ስትጠሩ አገር ቤት የምናውቀውን ሥርዓት አትርሱ። ጎረቤት የሙስሊም ድርሻ ለብቻው ያዘጋጅ ነበር፤ በጉም ዶሮውም በእነርሱው እጅ ይታረድ፣ በሌላ ድስት ይሠራ ነበር። እዚህም ከሐላል ሥጋ ቤት የተገዛ ሥጋ በተለየ ድስትና ማማሰያ ሥሩላቸው፣ ወይም ከጓደኞቹ አንዷ ራሷ ሠርታ ታምጣ። ማዕዱ ላይ የትኛው የማን እንደሆነ በግልጽ ንገሩ፤ ሰው እየተጠራጠረ መብላት የለበትም።

ቀድሞ የሚጀመረው

ጠጅ የምትጥሉ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ከሐበሻ ሱቅ የተገዛውን ጌሾ ጨምሩ፣ ማሰሮውን ግን ጥብቅ አድርጋችሁ አትግጠሙት፤ ሲፈላ አየሩ መውጫ ካጣ ጠርሙስ ይሰብራል። ጠላ ለአፓርታማ አይመከርም፣ ድካሙም ሽታውም ብዙ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ኩዌት ያላችሁ ጭራሽ አትሞክሩት። አልኮል በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቤት ውስጥ የተጠመቀውም ቢሆን። ያልፈላ ብርዝ በማር አድርጉ፣ ለበዓል ይበቃል።

ቅቤ ከሱፐርማርኬት ስትገዙ ጨው የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ጨው ያለው ወጡን ያበላሻል፣ ማስተካከያም የለውም። በዝግታ አቅልጡ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጥቂት አብሽና እርድ ጨምሩበት፣ አረፋው ጠፍቶ ከላይ ሲጠራ አጥልሉ። ጾመኛ ቤት መዓዛው ይፈትናልና ሁዳዴ ሳይገባ አንጥሮ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ ምንም አይሆንም።

እንጀራ ቤት ለመጋገር የምታስቡ መጀመሪያ መብራቱን አስቡ። ከአገር ቤት የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፤ አሜሪካና ካናዳ ተራው ሶኬት 120 ስለሆነ ምጣዱ ለብ ይላል እንጂ ዓይን አያወጣም። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ብዙ ሐበሾች ኖርዌጂያኖች ለፍሰ የሚባለውን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠቀሙት፤ እንጀራችንን ጥሩ አድርጎ ይጋግራል። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በአብዛኛው የባሕረ ሰላጤ አገር ቮልቴጁ ይስማማል፣ ነገር ግን ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በማራዘሚያ ገመድ አትሰኩት፣ ከሌላ ምድጃ ጋርም አንድ ላይ አታብሩት። መጋገሩ ካልሆነላችሁ ከሱቅ እዘዙ፤ ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ፣ ስማችሁን አስመዝግባችሁ። የበዓል ዋዜማ ሱቆቹ እንጀራ ይጨርሳሉ። ለአንድ ሰው ሦስት እንጀራ ያዙ፤ የተረፈው እሑድ ፍርፍር ይሆናል።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ አንዳንድ ዓመት ሕማማቱ ከአይሁድ ፋሲካ ጋር ይደራረባል። በዚያ ሳምንት ብዙ ሱፐርማርኬት ዱቄት፣ ዳቦና ቢራ ያለበትን መደርደሪያ ይሸፍናልና ለድፎ ዳቦው የሚሆነውን ዱቄት ቀድማችሁ ግዙ።

ድፎ ዳቦ በምድጃው ኦቨን ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ኮባ ያጣ ሰው የእስያ ሸቀጥ ወዳለበት ሱቅ ይሂድ፤ የሙዝ ቅጠል በረዶ ሆኖ ይሸጣል። አቅልጡት፣ እጥቡት፣ እሳት ላይ ትንሽ አሳልፉት፤ ይለሰልሳል፣ ሳይቀደድም ይታጠፋል።

ዶሮው

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚደናገጠው በዚህ ነው።

ለአሥር ሰው ሁለት ዶሮ ይበቃል። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያዙ፣ እንቁላሉ ደግሞ በሰው ቁጥር ይሁን። የሱፐርማርኬቷ ዶሮ ጮርቃ ስለሆነች ወጡ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳትቆይ ሥጋዋ ከአጥንቷ ይለያያል። የእስያ፣ የአፍሪካ ወይም የዓረብ ሱቅ ሄዳችሁ እንቁላል ስትጥል የኖረች፣ ሥጋዋ የጠነከረ ዶሮ ጠይቁ። የተቆራረጠ አትግዙ፤ እዚህ የሚቆርጡት በስምንት ነው፣ እኛ 12 ብልት ነው የምንፈልገው። ሙሉዋን ገዝታችሁ በመገጣጠሚያው በልቱ፣ ቆዳውን ግፈፉ፣ በሎሚና በጨው እሹት። ስታጥቡም በሚፈስ ቧንቧ ሥር አይሁን፤ ውሃው እየተረጨ የጥሬ ዶሮ ጀርም ወጥ ቤቱን ያዳርሳል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃውን እየለዋወጣችሁ እጠቡ፣ ሲያልቅ ማጠቢያውን በፀረ-ጀርም አጽዱ።

ዋናው ምስጢር ግን ቁሌቱን ከዶሮው መለየት ነው። ቁሌት በዘይት ብቻ እስከሆነ ድረስ የጾም ምግብ ነው። ስለዚህ በሆሳዕና እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁላችሁም አንድ ቤት ተሰብሰቡ። ሕማማት ከገባ በኋላ መሰባሰቡም መሳሳሙም አይሆንም፣ ሆሳዕና ግን ሁሉም ደስ ብሎት ይመጣል። አራቱን ኪሎ ሽንኩርት ተካፍላችሁ ላጡ፣ ክተፉ። በማሽን መክተፍ ይቻላል፣ ሊጥ እስኪሆን ግን አትፍጩት፤ ውሃው በዝቶ አይቁላላም።

ሽንኩርቱን ታቹ ወፍራም በሆነ ሰፊ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት አቁላሉት። የውጭ አገር ቀይ ሽንኩርት ትልልቅና ውሃማ ስለሆነ አገር ቤት ከለመዳችሁት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለዚህ መጠን ሁለት ሰዓት ቢወስድ አትደነቁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሥር ቶሎ ይይዛል፤ ሲይዝ ጠብታ ሙቅ ውሃ ጣል እያደረጋችሁ አላቅቁት፣ እጃችሁን ከማማሰያው አታንሡ። በዚህ ላይ ነው ተራ መግባት የሚጠቅመው፤ አንዱ ሲያማስል ሌላው ይጫወታል። ውሃው ጠፍቶ፣ ቀለሙ ጠይሞ፣ መጠኑም ግማሽ በግማሽ ሲሆን ዘይቱን ጨምሩ፣ ከዚያም በርበሬውን። በርበሬው ጥሬነቱ እስኪለቅ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ በሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይብሰል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ በመጨረሻ ይገባል።

አሁን ጨውን ቅመሱ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ቅቤው ከገባ በኋላ ጾመኛ ሰው መቅመስ አይችልም፣ ሌሊት ማዕድ ላይ ነው ውጤቱ የሚታወቀው። በርበሬውም ጨውም በዚህ ሰዓት መስተካከል አለበት። ሲቀዘቅዝ በዕቃ አድርጋችሁ ፍሪዘር አስገቡት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁሌቱን አቅልጣችሁ ድስት ላይ ጣዱት፣ ሲሞቅ ንጥር ቅቤውን፣ ከዚያም ዶሮውን ጨምሩ። ጠንካራዋ ዶሮ ቀስ ብላ ትብሰል። የተቀቀለውን እንቁላል ልጣችሁ ጫር ጫር አድርጉት፣ ወጡ እንዲገባበት። መከለሻው እሳቱ ሊጠፋ ሲል ይነስነስ። ይኸው ነው፤ ስድስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው የቅዳሜ ሥራ በሦስት ሰዓት ያልቃል፣ ሌሊት የሚቆም ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት ይችላል። ወጡን እስከ ሌሊት ምድጃ ላይ አትተዉት። ትንንሽ ዕቃ ውስጥ ገልብጣችሁ ፍሪጅ አስገቡ፣ ስትመለሱ አሙቁት።

ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ ያማራችሁ የታሸገ የተፈጨ ሥጋ ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ በጥሬው አትብሉ፤ በስሎ እንዲበላ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የምታምኑት ሥጋ ቤት ካለ ሙሉ ሥጋ በዕለቱ አስቆርጡና ቤት ክተፉት፤ ከሌለ ጥብስ ይሁን። በግ ወይም በሬ ለቅርጫ የምትገዙም በግቢያችሁ አትረዱ፣ በብዙ አገር ሕግ ይከለክላል።

ጭሱ

ቡና መቁላትና ዕጣን ማጤስ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፤ ሌሊት በ9 ሰዓት ከጮኸ ሕንፃው ሁሉ ይነሣል። ማስጠንቀቂያውን ግን አትንቀሉት፣ አትሸፍኑትም። ቡናውን ቅዳሜ ቀን በረንዳ ላይ ወይም በምድጃው አየር ሳቢ ሥር ቆሉ፣ ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ መስኮት ከፍታችሁ አጢሱ። ከሰል ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ሰው ይገድላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ከድፎ ዳቦው ቆርጣችሁ ለቅርብ ጎረቤት ስጡ፣ ዛሬ ሌሊት በዓላችን ስለሆነ ትንሽ ድምፅ ሊኖር ይችላል በሉ። አብዛኛው ሰው ከተነገረው ደስ ይለዋል።

ሌሊቱ

ቤተ ክርስቲያን በቅዳሜው ያደለቻችሁን ቄጤማ ያዙ፤ ቤት የሚጎዘጎዝ ከፈለጋችሁ የአረም መድኃኒት ያልተረጨበት ረዥም ሣር ከጓደኛ ግቢ እጨዱ እንጂ ከሕዝብ መናፈሻ አይሁን።

ወደ ቤት መደወያ ሰዓቱን አስቡበት። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና የቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ነው። እናንተ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ለመውጣት ስትነሡ ቤተሰብ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሊፈስክ ተቀምጧል፤ ከዚህ የተሻለ የመደወያ ሰዓት የለም። ለንደን ያላችሁ ልዩነታችሁ በዚህ ወቅት ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ስልኩን ለእሑድ ጠዋት አቆዩት።

ስትመለሱ አውቶቡስም ባቡርም ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ መኪና የያዘው ሰው ማንን የት እንደሚያደርስ ቀድሞ ይወቅ። አንድ ሰው ቀደም ብሎ ወጥቶ ወጡን ያሙቅ። 55 ቀን ቅባት ያልነካው ሆድ በአንዴ ዶሮና ቅቤ ሲገባበት ይታመማል፤ አባቶቻችን እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ተልባ ጠጡ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ በትንሹ ፈስኩ። አክፍላችሁ ከሆነ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ማዕዱን ከመካከላችሁ በዕድሜ የሚበልጠው ይባርክ፤ አገር ቤት አባቶቻችሁ ያደርጉት የነበረውን ገና ሠላሳ ዓመት ለሆነው ጓደኛችሁ መስጠት መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ግን ተቀበሉት።

የውጭ አገር ጓደኞቻችሁን ለእሑድ ምሳ ጥሩ እንጂ ለሌሊቱ አይሁን፤ ሌሊቱ የደከማችሁበትና የናፈቃችሁበት ሰዓት ነው፣ ሁሉን እያስረዱ መብላት ይከብዳል። ስትጠሯቸው በእነርሱ አቆጣጠር ንገሯቸው፤ «በ7 ሰዓት ና» ያላችሁት ሰው በማለዳ በር ሊያንኳኳ ይችላል። በርበሬ ለማይችል አልጫ፣ ሥጋ ለማይበላ ደግሞ በጾሙ የለመዳችሁት ሽሮና ምስር አለ። ጉርሻ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

እሑድ ለማይመቸው

ሆስፒታል፣ መጋዘን ወይም ታክሲ ላይ የሌሊት ተራ የደረሰበት ጓደኛ ይኖራል። ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ድርሻውን ከድስቱ አውጡለት፤ እንቁላሉ፣ ሁለት ብልት፣ እንጀራው በተለየ ዕቃ። «ከተረፈ እንሰጠዋለን» ከተባለ አይተርፍም።

በሳዑዲ፣ በኩዌትና በኳታር የሳምንቱ እረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምትወጡት ዓርብ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ስለዚህ ቀጣዩ ዓርብ ላይ ዶሮ ሠርቶ መሰብሰብ ሥርዓቱን የሚጥስ ነገር አይደለም። ቀጣሪያችሁን አንድ ወር ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በየትኛው ጓደኛ ቤት እንደምትገናኙ ቁረጡ። በሳዑዲ ከእስልምና ሌላ የሆነ አምልኮ በአደባባይ ስለማይፈቀድ በዓሉ በቤት ውስጥ፣ በጥቂት ሰውና በዝግታ ይሁን። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ለቀሩት ሁሉ የሚቀጥለውን እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤን ያዙላቸው። ፍሪዘር ውስጥ የቀረችው ቁሌት ለአንድ ዶሮ ትበቃለች፤ ለዚህ ብላችሁ ሆሳዕና ዕለት ሽንኩርቱን ስትከትፉ ሁለት ኪሎ ጨምሩ።